ዋጋው ያልተጻፈበት ሰነድ

በዚህ እትም ሂስ ልናቀርብበት የተነሣነው ጽሑፍ የደራሲ ስም የለውም። በመጻሕፍት መደብር አይሸጥም፤ ለመዝናናት ብሎ የሚያነበውም ሰው የለም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት በየመሳቢያው ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም ከነፖስታው ሳይከፈት። ስሙ «የጥቅማ ጥቅምና የሽፋን ማጠቃለያ» ይባላል። በ2010 የጸደቀውና ሕዝቡ «ኦባማ ኬር» እያለ የሚጠራው ሕግ፣ የጤና መድን ሻጮች ሁሉ የሚሸጡት ውል ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን በአንድ ዓይነት ቅርጽ ጽፈው ለገዢው እንዲሰጡ አስገደደ። ሰነዱም ከሴፕቴምበር 2012 ጀምሮ በሕዝብ እጅ መግባት ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ለመሆኑ የመድን ወረቀት በዚህ ዓምድ ምን ቦታ አለው? ትሉ ይሆናል። ከሀገር የወጡ ቤተሰቦቻችን ልጆች አድገዋልና ቦታ አለው። ሕጉ አንድ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወላጆቹ የጤና መድን ውስጥ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ተማሪ ቢሆን ሠራተኛ፣ ያገባ ቢሆን ያላገባ፣ አብሯቸው ቢኖር ሌላ ከተማ ቢኖር ለውጥ የለውም። (ያገባ ከሆነ ግን ሚስቱና ልጁ በዚያው አይታቀፉም።) አባት መድኑን ያገኘው በመሥሪያ ቤቱ በኩል ከሆነ የልጁ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ 26 በሞላበት ወር መጨረሻ ያበቃል፤ መንግሥት ካቋቋመው የመድን ገበያ የተገዛ ከሆነ ደግሞ እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት ውስጥ ካልመረጠ ኖቬምበር 1 የሚከፈተውን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ መድኑም የሚጀምርለት ከአዲሱ ዓመት ወዲያ ነው።

ያ ወጣት ማን ነው? ሐኪም ቤት የሄደበትን ቀን የማያስታውስ፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ የሚጫወት፣ ረመዷንን ሙሉ ጾሞ ከሥራው የማይጓደል፣ ወገቤን አመመኝ የማይል ሰው ነው። በስልክ «ጤናህ እንዴት ነው?» ስትሉት «አልሐምዱሊላህ» ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው። ወረቀቱ «ምረጥ» የሚለው ይህንን ጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ እንዴት አድርጎ እንደሚያናግረው መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ ምስጋናውን እናስቀድም። ሕጉ «ከአራት ገጽ አይብለጥ፤ ፊደሉም ከ12 ነጥብ አይነስ» የሚል ነበር። አስፈጻሚዎቹ ግን አራት ገጽ የሚለውን አራት ቅጠል፣ ከፊትና ከኋላ የተጻፈ፣ ብለው ተረጎሙትና ሰነዱ ስምንት ገጽ ሆነ። እንዲህ ያለውን አተረጓጎም በኛም ሀገር መሥሪያ ቤቶች የምናውቀው ነው። ያም ሆኖ ስምንት ገጽ ከመቶና ከሁለት መቶ ገጽ ውል እጅግ ይሻላል። የመጀመሪያው ገጽ በሦስት ዓምድ የተከፈለ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንዱ ጥያቄ፣ በሁለተኛው መልስ፣ በሦስተኛው ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ማብራሪያ ይገኛል። ጥያቄዎቹም ቁም ነገረኛ ናቸው። መድን ሰጪው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ዲዳክቲብል የሚሉት፣ ስንት ነው? ከዚያ በፊት የሚሸፈን ሕክምና አለ? በዓመት ውስጥ ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያው የት ላይ ነው? በጣሪያው ውስጥ የማይቆጠረውስ? ወደ ልዩ ሐኪም ለመሄድ የመላኪያ ወረቀት ያስፈልጋል? ይህን አንድ ገጽ በደንብ ያነበበ ሰው ከብዙዎቹ ገዢዎች ይሻላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጉድለቱ ግን ከዚሁ ገጽ አናት ይጀምራል። ዋጋ የማይጻፍበት የዕቃ መግለጫ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየወሩ የሚከፈለው፣ በኛ ሀገር የመድን ሰዎች አረቦን፣ እነሱ ፕሪምየም የሚሉት ገንዘብ በስምንቱም ገጽ ላይ የለም። ዋጋው ለብቻው ይገለጽላችኋል የምትል ማሳሰቢያ ብቻ አለች። ለዚህ ምክንያት ማቅረብ ይቻላል። ዋጋው በዕድሜ፣ በመኖሪያ አካባቢና በትምባሆ አጫሽነት ይለያያል፤ በገቢ መጠን የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማም አለ። ይሁን እንጂ ውጤቱን ተመልከቱ። ወጣቱ ሁለት ወረቀት ይይዛል፤ በአንደኛው ዋጋ ብቻ፣ በሌላኛው ጥቅም ብቻ። ዋጋ ያለበት አንድ መስመር ነው፤ ጥቅም ያለበት ስምንት ገጽ ነው። የትኛውን ያነባል? አንዱን መስመር አንብቦ ይወስናል።

በነገራችን ላይ አረቦን የሚለው ቃል በፊቅህ መጻሕፍት ዐረቡን ተብሎ የሚታወቀው ቃል ወንድም ነው። በዚያ ገዢ ለሻጭ የሚያስይዘው፣ ግዢው ካልተፈጸመ ለሻጩ የሚቀር ቀብድ ማለት ሲሆን፣ ዑለማዎች የተለያዩበት ርዕስ ነው። ሳይታመም ዓመቱን የጨረሰ ወጣት የከፈለውን አረቦን ልክ እንደዚያ ቀልጦ እንደቀረ ቀብድ ያየዋል። «ምን አገኘሁበት?» ይላል። ወደዚህ ጥያቄ እንመለስበታለን።

ከሁሉም በላይ ሂስ የሚገባው በሰነዱ መጨረሻ ያለው ክፍል ነው። አዘጋጆቹ ቁጥር ብቻ ለአንባቢ እንደሚከብድ ተረድተው ሦስት ሰዎችን ፈጠሩ። ፔግ ትወልዳለች፤ ጆ የስኳር በሽታውን ይከታተላል፤ ሚያ እግሯ ይሰበራል። የእያንዳንዳቸው ሕክምና ጠቅላላ ወጪ ተጽፎ፣ በዚህ ውል መሠረት ከኪሳቸው ምን ያህል እንደሚወጣ ይደመራል። በቅርብ ዓመታት በተሠራበት ቅጽ የፔግ ወጪ 12,700፣ የጆ 5,600፣ የሚያ 2,800 ዶላር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ሰው ከሠንጠረዥ ይልቅ ከታሪክ ይማራልና።

ነገር ግን ታሪኮቹን ቀረብ ብለን ስናያቸው የሦስቱም ዕድል እጅግ የተቃና ሆኖ እናገኘዋለን። ፔግ ዘጠኝ ወር ሙሉ መድን ሰጪው ውል ከገባላቸው ሐኪሞች ሳትወጣ ተከታትላ ትወልዳለች፤ ሕፃኑ ለልዩ እንክብካቤ ስለ መግባቱ የተባለ ነገር የለም። የጆ ስኳር በደንብ የተቆጣጠረው ስኳር ነው፤ ዓመቱን በመደበኛ ክትትል ያሳልፋል። ሚያ ደግሞ ስብራቷ «ቀላል» መሆኑ በርዕሱ ተነግሮናል። ድንገተኛ ክፍል ትገባለች፣ ራጅ ትነሣለች፣ ክራንች ይሰጣታል፣ ፊዚዮቴራፒ ትሠራለች፤ አለቀ። ቀዶ ጥገና የለ፣ ሆስፒታል መተኛት የለ፣ ከውሉ ውጭ የሆነ ሐኪም የለ። የዚያው መንግሥት የመድን ገበያ ድረ ገጽ የእግር ስብራት እስከ 7,500 ዶላር ሊያስወጣ እንደሚችልና ሦስት ቀን ሆስፒታል መተኛት ወደ 30,000 ዶላር እንደሚያስከፍል ጽፏል። አንዱ መንግሥት በአንድ እጁ ያስጠነቅቃል፤ በሌላው እጁ ያረጋጋል።

ይህ ቀልድ አይደለም። መድን የተፈጠረው ለቀላል ስብራት ነውን? 2,800 ዶላር ከባድ ገንዘብ ቢሆንም አንድ ሠራተኛ ጎልማሳ ተበድሮም ሠርቶም ይወጣዋል። መድን የሚያስፈልገው ሰው ሠርቶ ለማይወጣው ነገር ነው፤ ለመኪና አደጋ፣ ለካንሰር፣ ለኩላሊት መድከም። ከነዚህ አንዱም በሰነዱ የለም። የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲኖር ታስቦ ነበር። በ2011 የቀረበው ረቂቅ ደንብ የጡት ካንሰር ሕክምናን በምሳሌነት ይዞ ነበር። በ2012 የወጣው የመጨረሻ ደንብ ግን ይህንን አውጥቶ ወሊድንና ስኳርን ብቻ አስቀረ፤ የሚያ ስብራት የተጨመረው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጤነኛው ወጣት ሦስቱን ሰዎች ሲመለከት ራሱን የሚያገኘው በሚያ ነው። አይወልድም፤ ስኳር የለበትም፤ ኳስ ግን ይጫወታል። «የሚደርስብኝ ትልቁ ነገር 2,800 ዶላር ከሆነ መድን ለምኔ?» ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው ለማለት እንቸገራለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የማዕድናቱ ጉዳይ ነው። በመድን ገበያው ውሎቹ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ተብለው ተሰይመዋል። የነሐሱ ውል በአማካይ 60፣ የብሩ 70፣ የወርቁ 80፣ የፕላቲነሙ 90 በመቶ ይሸፍናል ይባላል። «በአማካይ» የምትለዋን ቃል ስንቱ ያስተውላታል? አማካዩ የተሰላው በብዙ ሺህ ሰው ወጪ ላይ ነው። ወጣቱ ግን 60 በመቶ ሲባል ከእያንዳንዱ ሒሳብ ላይ ስድስት እጁ የሚከፈልለት ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ በብዙ የነሐስ ውል ዲዳክቲብሉ እስኪሞላ ድረስ ከአብዛኛው ሒሳብ ላይ ምንም አይከፈልለትም፤ ከጣሪያው በላይ ሲሆን ደግሞ ውሉ የሚሸፍነው ሁሉ ይከፈልለታል። በ2025 ይህ ጣሪያ ለአንድ ሰው ቢበዛ 9,200 ዶላር ነበር። በመካከል ያለው 60 በመቶ የሚባል ነገር በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ላይታይ ይችላል።

ስያሜው ደግሞ ራሱ ያሳስታል። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ሲባል ሰው በደረጃ ያስባል፤ ብር ከወርቅ ሊበልጥ እንደሚችል ማን ይጠረጥራል? ይበልጣል። ገቢው ከድህነት ወለል ሁለት ተኩል እጥፍ የማይበልጥ ሰው የብሩን ውል ከመረጠ ሽፋኑ ከፍ ይደረግለታል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው፣ ማለትም ከድህነት ወለሉ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ለሚያገኘው፣ የብሩ ውል 94 በመቶ ይደርሳል፤ ይኸውም ከፕላቲነሙ ይበልጣል። በ2025 የወጣው የድህነት ወለል ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ስለነበር አንድ ተኩል እጥፉ 23,475፣ ሁለት ተኩል እጥፉ 39,125 ዶላር ነው። ትርፍ ሰዓት የማያገኝ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ ግማሽ ቀን እየተማረች ግማሽ ቀን የምትሠራ ልጅ፣ ከነዚህ ቁጥሮች በታች ናቸው። ይህ ማሻሻያ ነሐስ ለመረጠ አይሰጥም። ርካሽ ነው ብሎ ነሐስ የገዛ ደኻ ወጣት፣ በመንግሥት ገንዘብ ሊሻሻልለት ይችል የነበረውን ውል ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

ከነዚህ ውጭ ከ30 ዓመት በታች ለሆኑ የተፈቀደ አንድ ውል አለ፤ ለከባድ አደጋ ብቻ የሚባለው። ዲዳክቲብሉ ከዓመቱ ጣሪያ ጋር እኩል ነው፤ ከዚያ በፊት በዓመት ሦስት ጊዜ መደበኛ ሐኪም ማየትና የመከላከያ ሕክምና ይሸፍናል። ለወጣት የተፈጠረ ይመስላል። ሆኖም የገቢ ድጎማው ለዚህ ውል አይሠራም። ድጎማ የሚገባው ወጣት በድጎማው የነሐስ ውል ከዚህ በርካሽ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ለወጣቶች» የሚል ስም ስላየን ብቻ መቸኮል አይገባም።

አሁን ወደዚያ «ምን አገኘሁበት?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። እድር የሌለበት ሰፈር ያደገ አንባቢ ያለን አይመስለንም። አንድ ሰው በእድር ሃያ ዓመት ከፍሎ ቤቱ ለቅሶ ባይገባ «ገንዘቤን ተበላሁ» ይላልን? ማንም አይልም፤ ቢልም ሰፈሩ ይታዘበዋል። በሀገራችን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሚያደርገው ግለሰብን ሳይሆን ቤተሰብን በሙሉ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። በሽተኛው ብቻ ገብቶ ጤነኛው ከቀረ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። የአሜሪካው ሥርዓት ግን ወጣቱን ለብቻው ገበያ ላይ አቁሞ «ለራስህ የሚበጅህን አስላ» ይለዋል። ከዚያ ወጣቱ ሲያሰላ ይገረማል። በአብዛኛው ግዛት የ64 ዓመት ሰው ከ21 ዓመት ወጣት ከሦስት እጥፍ በላይ እንዳይከፍል ሕጉ ይከለክላል፤ ከ2014 ወዲህም ቀድሞ የታመመን ሰው አልቀበልም ማለት አይቻልም። ይህ ማለት ወጣቱ የሚከፍለው ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የናቱና ያባቱ ዕድሜ ሰዎችንም ይደግፋል። በስምንቱ ገጽ ስለዚህ አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ሰነዱ አንባቢውን እንደ ሸማች እንጂ እንደ እድርተኛ አያየውም።

ሆኖም ለወጣቱ ስሌት ፍትሕ እንስጠው። ለማስረዳት ያህል ብቻ ቁጥር እንውሰድ። አንደኛው ውል በወር 250 ዶላር፣ ዲዳክቲብሉ 7,000፣ ጣሪያው 9,200 ይሁን። ሁለተኛው በወር 350፣ ዲዳክቲብሉ 2,000፣ ጣሪያው 6,000፣ ከዲዳክቲብሉ በላይ ታካሚው 20 በመቶ የሚከፍልበት ይሁን። በዓመት የአረቦኑ ልዩነት 1,200 ነው። ምንም ካልደረሰ ርካሹ 1,200 ያተርፋል። የሚያ ዓይነት ስብራት ቢደርስስ? በርካሹ 2,800ውን በሙሉ ይከፍላል፤ በውዱ 2,000ና የቀሪው 20 በመቶ፣ በድምሩ 2,160። ልዩነቱ 640 ብቻ ነው። ስለዚህ እግሩ ተሰብሮም እንኳ ርካሹን የመረጠው 560 ዶላር አትርፏል! የ30,000 ዶላር ሆስፒታል ሲመጣ ግን በርካሹ 9,200፣ በውዱ 6,000 ይወጣል፤ አረቦኑ ሲቀናነስ ርካሹ 2,000 ዶላር ከሰረ።

እንግዲህ ጤነኛ ወጣት ርካሹን ውል መምረጡ ሞኝነት አይደለም። መካሪ ነን የሚሉ ብዙ ሰዎች ይህንን ለመናገር ያፍራሉ፤ እኛ ግን ሒሳቡ ያሳየንን እንናገራለን። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ያ ወጣት በአንድ ወር ውስጥ 9,200 ዶላር ከየት ያመጣል? በየወሩ የተረፈውን 100 ዶላር ለይቶ ካስቀመጠ ጥሩ። ከ2026 ጀምሮ ከመድን ገበያው የተገዙ የነሐስና የከባድ አደጋ ውሎች ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የጤና ቁጠባ ሒሳብ ጋር እንዲሄዱ ተፈቅዷል፤ ሒሳቡ ወለድ የሚታሰብበት መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ካላስቀመጠ ግን ዲዳክቲብሉን የሚከፍሉት ወላጆቹ ናቸው። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የጁሙዓ ሶላት ካበቃ በኋላ በመስጂዱ በር የሚዞረው ሣጥን፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚደወለው ስልክ፣ ለእናት ሐጅ ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ መፍረሱ፣ እነዚህ ሁሉ በማንም ማጠቃለያ ላይ ያልተጻፉ ዲዳክቲብሎች ናቸው። ስለዚህ ውሉን የሚመርጠው ወጣቱ ቢሆንም የቤተሰቡ ሽማግሌዎች «ያንን ገንዘብ ከየት ታመጣለህ?» ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው።

«ድንገተኛ ክፍል ሄጄ እታከማለሁ፤ ማንም አይመልሰኝም» የሚልም አለ። በ1986 የወጣው ሕግ ሆስፒታሎች ድንገተኛ በሽተኛን የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቁ መርምረው እንዲያረጋጉት ያዝዛል፤ ትክክል ነው። ሒሳቡን ይቅር በሉት ግን አላለም። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የጸናው ሌላ ሕግ መድን ያለው ሰው በድንገተኛ ጊዜ ከውሉ ውጭ በሆነ ሆስፒታል ቢታከም ያልተጠበቀ ሒሳብ እንዳይላክበት ይከለክላል፤ የመሬት አምቡላንስን ግን አላካተተም። መድን ለሌለው ሰው ይህ ጥበቃ የሚሰጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ሌላው የሚሰማው ክርክር ዲናዊ ነው፤ ልንዘለው አንችልም። «ኢንሹራንስ ሐራም ነው፤ ስለዚህ አልገዛም» ይላል ወጣቱ። ጉዳዩ መሠረት የሌለው አይደለም። በዲሴምበር 1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ፣ ቋሚ አረቦን ያለው የንግድ መድን ውሉን የሚያፈርስ ከፍተኛ ገረር ያለበት ስለሆነ የተከለከለ መሆኑን ወስኖ፣ በልገሳና በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን በአማራጭነት አቅርቧል። በአሜሪካ ግን ለአንድ ግለሰብ እንዲህ ያለው የጤና ተካፉል እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ዑለማዎች ስለ ሐጃና ዶሩራ የሚሰጡትን ማብራሪያ ከሚያውቅ ዐሊም መጠየቅ የያንዳንዱ ሰው ፋንታ ነው፤ ይህ ዓምድ ፈትዋ መስጫ አይደለም። እኛ የምንሔሰው ወጥነት ማጣቱን ነው። ያው ወጣት የመኪናውን ኢንሹራንስ በየወሩ ይከፍላል፤ የስልኩንም ይከፍላል። የመኪናው ሕግ ስለሚያስገድደው ነው ካለ ይሁን፤ ስልኩንስ ማን አስገደደው? የጤና መድን ያልገዛ ሰው በፌዴራል መንግሥት ይቀጣ የነበረው ከ2014 እስከ 2018 ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ቅጣቱ ዜሮ ሆኗል። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሮድ አይላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ግን የየራሳቸውን ቅጣት ደንግገዋል። አንዳንዱ ጥንቃቄው የጀመረው ቅጣቱ የተነሣ ዕለት ይመስላል። ከልቡ የሚጠነቀቀው ወንድም ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጓደኞቹን ሰብስቦ መረዳጃ ማኅበር ያቋቁማል፣ ወይም ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጣል። ለእሱ ያለን አክብሮት ነው።

ስለ ቋንቋው ሳንናገር አናልፍም። ደንቡ ሰነዱን በሌላ ቋንቋ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ከአንድ አውራጃ ነዋሪ ቢያንስ 10 በመቶው ያንን ቋንቋ ብቻ ማንበብ የሚችል ሲሆን ነው። አማርኛ በየትኛውም አውራጃ እዚህ መጠን አይደርስም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ለአማርኛ አንባቢ የሚደርሰው፣ ከሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ጋር ተደርድሮ፣ «በነፃ አስተርጓሚ እንሰጣለን፤ ደውሉ» የሚል አንድ አንቀጽ ነው፤ እሱም አንዳንዴ አማርኛ በማያውቅ ሰው የተገጣጠመ መሆኑ ያስታውቃል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ማድረጓ ሊመሰገን ይገባል። በቀረው ቦታ ተርጓሚው ልጁ ራሱ ነው። አባት «ምን ይላል?» ይላል፤ ልጅ «ርካሽ ነው፣ ደኅና ነው» ይላል። ኮፔይ፣ ኮኢንሹራንስ፣ ዲዳክቲብል፣ ኔትወርክ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ይጠራቸዋል እንጂ እሱም ልዩነታቸውን አያውቅም። ከሰነዱ ጋር የሚሄድ የቃላት መፍቻ አለ፤ ሥዕል ጭምር ያለበት ጥሩ ሥራ ነው። አባትና ልጅ አንድ ምሽት ተቀምጠው እሱን ቢያነቡ ስምንቱ ገጽ ግማሽ ይቀልላቸዋል።

ኔትወርክ ስንል፣ ማለትም መድን ሰጪው ውል የገባላቸው ሐኪሞች ስብስብ፣ አንድ ማስታወሻ እንጨምር። የርካሽ ውል ርካሽነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ስብስብ ጥበት ነው። ሰነዱ የሐኪሞቹን ስም አይዘረዝርም፤ ስልክ ቁጥር ይሰጣል። ከስብስቡ ውጭ የታከመ ሰው የከፈለው ገንዘብ በብዙ ውል ከዚያ ከዓመቱ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም። ወጣቱ የሚሄድበት ሆስፒታል ከሰፈሩ የሚቀርበው መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት የዚያን ሆስፒታል ስም ይዞ መደወል ነው።

ገቢን መገመትም ሌላው አደገኛ ነገር ነው። ድጎማው የሚሰላው ወጣቱ «በዚህ ዓመት አገኛለሁ» ብሎ በሞላው ገንዘብ ላይ ነው። ታክሲ የሚነዳ ወይም በሰዓት የሚሠራ ሰው ገቢውን በጃንዋሪ እንዴት ያውቃል? አሳንሶ ከገመተ ግብር ሲያሳውቅ ትርፉን ይመልሳል፤ ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተመላሹ ላይ የነበረው ገደብ ተነሥቷል። ከ2021 እስከ 2025 የነበረው ተጨማሪ ድጎማም ጊዜው ስላለቀ፣ በነዚያ ዓመታት ለጓደኛው የደረሰውን ዋጋ ሰምቶ የሚወስን ሰው ይሳሳታል።

በመጨረሻው ገጽ አካባቢ ሁለት ሣጥኖች አሉ። በአንዱ ውሉ የማይሸፍናቸው፣ በሌላው የሚሸፍናቸው አገልግሎቶች ይዘረዘራሉ። አዘጋጆቹ በሁለቱ ሣጥኖች የሚደለደሉትን ነገሮች ወስነው ስለሰጡ ሻጩ ሊደብቃቸው አይችልም፤ ይህ ከሰነዱ ጠንካራ ጎኖች አንዱ ነው። የአዋቂ ጥርስ፣ የዓይን መነጽር ምርመራ፣ የመስሚያ መሣሪያ እዚህ ይገኛሉ። ከነዚሁ መካከል ከአሜሪካ ውጭ ሲጓዙ የሚሰጥ ድንገተኛ ያልሆነ ሕክምና የሚል መስመር አለ። ዑምራ የሚሄድ፣ ለሠርግ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ የሚመጣ ልጅ ያላችሁ፣ ያቺ መስመር በየትኛው ሣጥን እንደወደቀች አይታችሁ፣ በማይሸፈነው ከሆነች ለጉዞው የሚሆን የተለየ መድን እንዲጠይቅ ከትኬቱ በፊት ንገሩት።